አራት እስኪቆጠር

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ሲቃረብ አዛውንቱ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከመስኮቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣሉ። ጠረጴዛዋ ላይ የተቀረጸ እርሳስ፣ ጠርዙ የተላላጠ የመዝገብ ደብተርና አንድ የእጅ ሰዓት አሉ። ራዲዮ የለም። ራዲዮው በካርቶን ታሽጎ አልጋ ሥር ከገባ ስድስት ወር ሆኖታል። እሳቸው ግን ሰዓቱን አላጓደሉም፤ ልክ አራት ሲሆን ቀኑን ይጽፋሉ፣ ከቀኑ ፊት ለፊት አንዲት ሰረዝ ያሰምራሉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይቀመጡና ደብተሩን ይዘጋሉ።

ልጃቸው ይህን ያወቀችው በአጋጣሚ ነበር። በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት የቁልፍ ቀዳዳ በሚያወጣ ማሽን ላይ ተቀምጣ የሐኪም ጋወን ትሠራለች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ እስከ ቀትር። አንድ ቅዳሜ መብራት በመጥፋቱ ሠራተኛው ሁሉ በጊዜ ተለቀቀና ቤቷ ስትገባ አባቷን ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ቀጠሮ ላይ ነኝ።"

"ራዲዮው እኮ ታሽጓል።"

"የታሸገው የእኔ ነው፤ የደመና አልታሸገም። እሱ ይኸኔ እየጠራኝ ነው። መመለስ ቢያቅተኝ ወንበሬ ላይ መገኘት አያቅተኝም።"

ይህን ብለው ዝም አሉ። ልጅቷን አንጀቷን የበላው ይኸው ዝምታ ነበር። እናቷ ካረፉ በኋላ ሰፊው ግቢ ለብቻቸው ስለከበዳቸው አባቷ እሷ ወደምትኖርበት ሦስተኛ ፎቅ ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት ቃል ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄዶ "ደህና አደርሽ" እና "እግዜር ይስጥሽ" ብቻ ቀርተው ነበር። ያኔ በአሮጌው ቤት ከጣሪያው እስከ ዛፉ የተዘረጋ ረጅም የአንቴና ሽቦ ነበራቸው። እዚህ ግን የሕንፃው አስተዳዳሪ እንቢ አለ። "ጣሪያው የጋራ ነው፣ አባቴ፤ ዛሬ ለእርስዎ ሽቦ ብፈቅድ ነገ ሌላው ዶሮ ላርባ ይለኛል" አላቸው። እሳቸውም ሕግ አክባሪ ስለሆኑ ሁለተኛ አልጠየቁትም።

ደመና የሚሉት በሩቅ ተራራ አናት ላይ፣ በአንዲት የአየር ጠባይ መከታተያ ጣቢያ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ሁለቱ በዓይን ተያይተው አያውቁም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በአጭር ሞገድ ተነጋግረዋል። ሰውዬው ሰላምታውን የሚጀምረው የዕለቱን ደመና በመናገር ስለሆነ ስሙ በዚያው ጸና። እሱም በበኩሉ አባቷን "ዝግታ" ይላቸዋል። ለዚህም ምክንያት አለው። ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር በአየር በሚነጋገሩት በአማተር ራዲዮ ሰዎች ዘንድ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው ወዲያው አይቀጥልም፤ ሦስት እስኪቆጠር ዝም ይላል። በዚያች ፋታ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ወይም ድምፁ የደከመ ሰው መግባት ይችላል። ሁሉም ሦስት ሲቆጥር አባቷ አራት ይቆጥሩ ነበር። በልጅነቷ "አራተኛዋ ለማን ናት?" ብላ ጠይቃቸው "ለሚያፍር ሰው" ብለው መልሰውላታል።

ልጅቷ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ሁለት ደብዳቤ ላከች፤ ወደ ተራራው ፖስታ የሚወጣው ስንቅ ሲወጣ ብቻ ነውና መልስ አልመጣም። ጣቢያውን ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ደወለች፤ አንድ ጸሐፊ "የሥራ መስመር ለግል ሰላምታ አይውልም" ብሎ ዘጋባት። ስለዚህ አባቷን ወደ አየር የሚመልስ ሌላ መንገድ ለመፈለግ ቆርጣ ተነሣች።

ጊዜ ግን አልነበራትም። የምሳ ዕረፍቷ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ዐሥሩን ለምሳ፣ ሃያውን ለፍለጋ መደበችው። በኢንተርኔት አማካይነት የአማተር ራዲዮ መነጋገር የሚቻልባቸውን መንገዶች እያነበበች በልብስ ንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈች። በስልክ የሚጫን መተግበሪያ አለ፤ ዋጋ የለውም፤ ነገር ግን የአባቷ ባለ ቁልፍ ስልክ አይቀበለውም፣ የእሷ ስልክ ደግሞ ከእሷ ጋር ሥራ ይውላል። የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ሳጥን አለች፤ አንዲትን የእጅ ራዲዮ ከቤት ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ በየአህጉሩ ካሉ አማተሮች ጋር ታነጋግራለች፤ አዲሷ በዋጋ አትቀመስም፣ ያገለገለች ግን ከነራዲዮዋ በአንድ መነጽር ቤት ትሸጣለች። ከከተማው ውጭ ባለ ኮረብታ ላይ ትልቅ አንቴና የተከለ ክበብም አለ፤ አባላቱ በየቤታቸው ሆነው የክበቡን የራዲዮ ጣቢያ በኢንተርኔት ያዝዙታል፤ መዋጮው ግን ከአቅሟ በላይ ነው። በየስፍራው የተተከሉ፣ ማንም በኢንተርኔት በነፃ ከፍቶ የሚያዳምጣቸው የራዲዮ መቀበያዎችም አሉ፤ በእነሱ ግን መስማት እንጂ መናገር አይቻልም። ልጅቷ ከሁሉ አስቀድማ የሰረዘችው ይህንን የመጨረሻውን ነበር።

"መናገር ላቆመ ሰው መስሚያ ምን ያደርግለታል?" አለች፣ አጠገቧ ምሳዋን ለምትበላው ለጨርቅ ቆራጯ።

"እኔን ከጠየቅሽኝ ሁሉንም ሰርዢና ጥርስሽን አሠሪ" አለች ቆራጯ። ድምፀ ትልቅ፣ ልበ ለስላሳ ሴት ናት። "በግራ በኩል ስታኝኪ አይቼሽ አላውቅም። ለጥርስ ብለሽ ያስቀመጥሽውን ለሳጥን ልታደርጊው ነው አይደል?"

"ጥርሴ ይቆየኛል፣ እቴ። የአባባ ዝምታ ነው የማይቆየኝ።"

"ተይ እንግዲህ፤ ሲያምሽ ግን እኔ ላይ እንዳትነጫነጪ!"

ሳጥኗን ገዛቻት። ሥራ የማትገባበት ቀን እሑድ ብቻ ነውና አራት እሑድ ሙሉ ከመመሪያው ጋር ስትታገል ሰነበተች። በአራተኛው እሑድ ትንሿ መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ ተለወጠች፤ ከእጅ ራዲዮዋም ጎረቤት የቆመ የሚመስል የአንድ ሰው ድምፅ ወጣ። ከባሕር ማዶ ነው። አባቷ በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጡት፣ ስለ ጤናው ጠየቁት፣ እሱ በጨረሰ ቁጥር አራት እየቆጠሩ መለሱለት። ከዚያም ራዲዮዋን አጥፍተው በጨርቅ ወለወሏት።

"ጥርት ያለ ነገር ነው። እግዜር ይስጥሽ" አሉ።

በማግስቱ አልከፈቷትም። በሌሎቹም ቀናት አልከፈቷትም። ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ ደብተሩን አየችው፤ ያው ቀን፣ ያው ሰረዝ።

"አባባ፣ ሳጥኗን ለምን አልከፈቷትም?"

አዛውንቱ ደብተሩን ዘጉ። "ልጄ፣ ደመና እዚያ ውስጥ የለም። ተራራው ላይ ኢንተርኔት የሚባል አልደረሰም። እሱ ያለው ያ አሮጌ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ከመግዛቴ በፊት ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ። ከገዛሽ በኋላ ደግሞ እሑድ እሑድ ዓይንሽ ቀልቶ ስትለፊ እያየሁ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?"

ልጅቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዋጋውን መዝናለች፣ ጊዜውን መዝናለች፣ የመብራቷን ቀለም ሳይቀር ታውቃለች፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው በምን እንደሚሰማ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ በልብስ ሥራ የኖረች ሴት ልክ ሳትወስድ ቆርጣለች። ስጦታን ለሰጪው እንዲመች አድርጎ መስፋት የአፍቃሪዎች ሁሉ ስሕተት ነው፤ ዝም ብሎ መልበስም እንዲሁ የተቀባዮች ስሕተት ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ሁለቱ ስሕተቶች ተገናኝተው ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ሳጥኗን በቦርሳዋ ይዛ ወደ መነጽር ቤቱ ሄደች። ባለቤቲቱ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልግ ነበር።

"ግንባርዎ ላይ ነው" አለች ልጅቷ።

"አየሽ፣ የሰው ዓይን ለክቼ የምኖር ሴት ነኝ!" ስቃ መነጽሯን አወረደች። ሳጥኗን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። "ምነው፣ ተበላሸች?"

"እሷ ደኅና ናት፤ የተበላሸው የእኔ ሐሳብ ነው።" ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥታ፣ ለጥርሷ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ሳይቀር፣ ነገረቻት።

መነጽር ሠሪዋ ሰምታ ስትጨርስ "የኮረብታውን ክበብ መዝገብ የምይዘው እኮ እኔ ነኝ" አለች። ይህች ሴት የኮረብታው ክበብ ጸሐፊ መሆኗን ልጅቷ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ኮምፒውተሯን ከፈተችና በየስፍራው የተተከሉት መቀበያዎች የተነጠቡበትን ካርታ አወጣች። ከተራራው ግርጌ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ፣ አንዲት ነጥብ ነበረች።

"ያቺ የሰረዝሻት ናት" አለች። "በእኛ ሰዎች ዘንድ መስማት ከመናገር ይቀድማል። እስቲ መጀመሪያ ይስሙት። ሰውዬው አሁንም የሚጠራ ከሆነ ስለ መናገሩ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰደች፤ ማሽኗን ቆራጯ ያዘችላት። ስልኳን ከደብተሩ አጠገብ አስደግፋ መቀበያውን ከፈተች። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አባቷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሞገዱን ቁጥር በቃላቸው ነገሯት። አራት ሰዓት ሆነ።

"ዝግታ፣ ዝግታ፣ ዝግታ፤ ደመና ይጠራሃል። ዛሬ በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ በምዕራብ ቀጫጭን ደመና አለ። እየሰማሁ ነው።"

የአዛውንቱ አውራ ጣት እንደ ድሮው የማይክሮፎኑን ቁልፍ ሊጫን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄደ። እንጨቱን ጫኑት። "አለሁ" አሉ፤ "ደመና፣ አለሁ።" ስልኩ ግን ያመጣል እንጂ አይወስድም።

ተራራው ላይ ያለው ሰው ፋታውን ጠብቆ ደግሞ ጠራ፣ ሠለሰም። ከዚያ የወረቀት መገለጥ ተሰማ። "ሠላሳ ሦስተኛ ቅዳሜ፤ መልስ አልተሰማም" አለ፣ ለራሱ እንደሚያነብ። ቆየት ብሎም ቀጠለ። "ዝግታ፣ ምናልባት የምትሰማኝ ከሆነ ልንገርህ። እዚህ ሰው የማይፈልግ መሣሪያ ተክለዋል። በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን አስረክቤ እወርዳለሁ። ጠዋት በሰዓታችን ለመጨረሻ ጊዜ እጠራሃለሁ። ከዚያ ወዲያ የት እንደምገኝ ብትመልስልኝ እነግርሃለሁ፤ ለባዶ አየር ግን አድራሻ አይነገርም።"

የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጃቸው አባቷ ሲያለቅሱ ያየችው እናቷ ያረፉ ዕለት ብቻ ነበር።

"በመጪው ቅዳሜ ይሰማዎታል፣ አባባ" አለች። እንዴት እንደሆነ አታውቅም፤ ከአፏ ግን ወጣ፤ የወጣውንም መፈጸም ግዴታዋ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ተያይዘው መነጽር ቤት ገቡ። መነጽር ሠሪዋ ጨዋታ አላበዛችም። "ጋሼ፣ የአማተርነት ፈቃድዎ የጸና ነው?" አለች። አዛውንቱ ከኪሳቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አወጡ። ዘንድሮ ራዲዮ ሳይኖራቸው ፈቃዱን ሲያሳድሱ ልጃቸው "ለምን ይጠቅማል?" ብላ አጉረምርማ ነበር፤ አሁን ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

"መዋጮው ግን..." ብላ ጀመረች ልጅቷ።

"ስለ መዋጮው ላስረዳሽ" አለች መነጽር ሠሪዋ። "ክበባችን ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው አለ፤ ሌላው ሲጨርስ ዝም ማለት የሚያውቅ ግን አንድም የለም። እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። እኔንም ጨምሮ ነው የምልሽ። አባትሽ ረቡዕ ረቡዕ እየመጡ ያቺን ፋታ ያስተምሩን፤ መዋጯቸው ይኸው ነው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ጣቢያው በእኔ ስም የተያዘ ነው፤ ለእሳቸው ለቅቄዋለሁ። ጓዳዬ ካለው ኮምፒውተር ይነጋገራሉ። ሳጥኗንም መልሼ ወስጃለሁ፤ ገንዘብሽን እንኪ።"

"ፋታ ማስተማር ዋጋ አለው እንዴ?" አሉ አዛውንቱ፣ ከልባቸው ተደንቀው።

"የክበባችንን ሰዎች አንድ ቀን ቢሰሟቸው ያስከፍሉን ነበር" አለቻቸው።

ያቺ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። ድርጅቱ የሦስት መቶ ጋወን ትእዛዝ የሚያስረክብበት ቀን ስለነበር ፈቃድ የሚባል ነገር አልታሰበም። ልጅቷ አባቷን መነጽር ቤቱ በር ላይ አድርሳ ሥራዋ ገባች፤ የስልኳን ማዳመጫ በፀጉር መሸፈኛዋ ሥር ደብቃ መቀበያውን ከፈተች። ማሽኗ ቀዳዳ እያወጣ፣ ቢላዋው እየበሳ፣ ጆሮዋ ውስጥ ግን ያ የቆርቆሮ ዝናብ ይወርድ ነበር።

"ዝግታ፣ ዝግታ፣ ዝግታ፤ ደመና ይጠራሃል።" ድምፁ ከባለፈው ይልቅ ደክሟል። "ዛሬ ሰማዩ በሙሉ ጥርት ብሏል። እየሰማሁ ነው።"

ልጅቷ እግሯን ከመርገጫው አነሣች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ቆሞ ይሆን? ኮረብታው ላይ መብራት ጠፍቶ ይሆን? አባቷ ሁልጊዜ አንዲት እንደሚጨምሩ የዘነጋችው በዚያች ቅጽበት ነበር።

አራት።

"ደመና፣ ደመና፤ ዝግታ ነኝ። አለሁ፣ ወንድሜ። ሰምቼሃለሁ።"

የአባቷ ድምፅ ወደ ኮረብታው፣ ከኮረብታው ወደ ተራራው፣ ከተራራው ግርጌ ወደ እሷ ጆሮ ተመለሰ፤ ሻካራ ቢሆንም የእሳቸው ነው። ከዚያ ማንም አልተናገረም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሰውዬው ራዲዮውን ትቶ የወጣ እስኪመስል ድረስ ቆየ። በመጨረሻ የተሰበረና የሚስቅ ድምፅ መጣ።

"ዝግታ! ሦስት ቁጠር ተባልክ እንጂ ስምንት ወር ቁጠር መቼ ተባልክ?"

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅም ዕንባም አንድ ላይ መጣባት።

"ምን ሆንሽ? መርፌ ወጋሽ?" ብላ ቆራጯ ከጠረጴዛዋ ጮኸች።

ልጅቷ በእጇ "ቆይ" አለቻት፤ ደመና አድራሻውን መናገር ጀምሯልና። የሚያርፈው በእህቱ ልጅ ቤት ነው። ሰፈሩን፣ የቤቱን ቁጥር፣ ስልኩን እየደጋገመ ሲናገር፣ ዝናቡ አንዱን ቁጥር ቢበላውስ ብላ ፈራች፤ ወረቀት ፈልጋ አጣች። ጠመኔዋን አንሥታ ፊቷ ባለው ነጭ ጨርቅ ላይ በትልልቁ ጻፈችው።

ቆራጯ መቀሷን እንደያዘች ደረሰች። "አበስኩ ገበርኩ! ያ እኮ የሐኪም ኪስ ሊሆን ነበር!" የልጅቷን ፊት ስታይ ግን ድምፅዋ ወረደ። "መለሱለት?"

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችላት።

ቆራጯ አንድ ጊዜ ወደ አለቃው ክፍል ገልመጥ አለች። ከዚያ ጽሑፉ ያለበትን ብቻ በመቀሷ ቀጥ አድርጋ ቆርጣ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። "የሐኪሙን ኪስ ከተረፈ ጨርቅ አወጣዋለሁ" አለች። "አንቺ ሥሪ፤ ሁለት መቶ ቀዳዳ ይቀርሻል።"

ቀትር ላይ ልጅቷ ጨርቁን ይዛ እየሮጠች ቤቷ ገባች። አባቷ ቀድመዋት ደርሰዋል። ደብተሩ ተከፍቶ፣ ከዚያ ሁሉ ሰረዝ ሥር፣ አድራሻው አንድም ፊደል ሳይጎድል በሥርዓት ተጽፏል። ጨርቁን ተቀብለው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስተያዩ፤ "ልክ ነው" አሉና አጥፈው በደብተሩ ገጾች መካከል አስገቡት።

ምሳ ቀረበ። አዛውንቱ ስለ ደመና የእህት ልጅ፣ ሲወርድ ስለሚሸኙት ሁለት አህዮች፣ ስለ አዲሱ መሣሪያና ስለ ስንፍናው ሲያወሩ የቀረበው ሁሉ ቀዘቀዘ። ድንገት ንግግራቸውን አቁመው ልጃቸውን አዩዋት።

"መነጽር ሠሪዋ ስለ ጥርስሽ ነገረችኝ። ገንዘቡን ከምን እንዳመጣሽው ጠይቄአት ነው። ያምሻል?"

"ኧረ ደኅና ነኝ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ተመልሳም ዘጋችው። አባቷ አልቸኮሉም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ጠበቁ። ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም፤ እየቆጠሩ እንደሆነ ግን ታውቃለች። ሦስተኛዋ አለፈች።

"ያመኛል፣ አባባ" አለች። "ሌሊት አያስተኛኝም።"

"ሰኞ አብረን እንሄዳለን" አሉ አዛውንቱ፣ ለስለስ ያለውን ምግብ ወደ እሷ እያስጠጉ። "በቀኝ በኩል አኝኪ።"